የአየር ሰዓት ቆጠራና የገዳሪፍ አድማጭ

የብዙኃን መገናኛ ቋንቋን የሚመረምሩ ጥናቶች የአንድን ቋንቋ ይዞታ በአየር ሰዓት ብዛት መለካት ይቀናቸዋል። መለኪያው በገዳሪፍና በምሥራቅ ሱዳን ድንበር ሲፈተን ግን ጉድለቱ ይገለጣል። በዚህ አካባቢ ከዐረብኛ ጎን ቤጃ፣ ሐውሳ፣ ትግርኛና አማርኛ ይነገራሉ። ከውጭ አገር ለአፍሪካ ቀንድ የሚሰራጩት የአማርኛና የትግርኛ ዝግጅቶች በቆጠራው ይመዘገባሉ፤ የሚሰማው ግን ለሁሉም አድማጭ በአንድነት የተሰናዳ የስቱዲዮ ቋንቋ ነው። ከመተማ ወደ ገላባት ተሻግሮ ሰሊጥ የሚያጭደው ሠራተኛ ከዐረብኛ ጋር አዋሕዶ የሚናገረው አማርኛ በዚያ ስፍራ የለውም። የአካባቢ ጣቢያ የራሱን ዝግጅት ትቶ የሌላውን ውይይት ሲቀባበልም ውጤቱ ያው ነው።

ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ዕጣው የሚወሰነውም በሩቅ ነው። ቢቢሲ ለ85 ዓመታት ያሰራጨውን የዐረብኛ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 2023 ዘጋ፤ በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ፣ ኤፕሪል 15፣ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። በሜይ ለሱዳን የከፈተው የአስቸኳይ ጊዜ ስርጭት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይተላለፍ ነበር። ጥቅሙ አይካድም፤ ሆኖም ተፈናቃይ አስቀድሞ የሚሻው የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ፣ ውኃ የት እንደሚገኝ በሚያውቀው አነጋገር መስማት ነው።

እንግዲህ ጥናቱ ሰዓት ከመቁጠሩ በፊት ማን፣ ለማን፣ ስለየትኛው ቀዬ እንደሚናገር ሊጠይቅ ይገባዋል። ቋንቋው በአየር ላይ እየተቆጠረ ተናጋሪው ሳይሰማ ሊቀር ይችላልና።