መንገዱ መጣ፣ መንገደኛው ሄደ

ከታክሲ መስኮት ሆኖ ሰውን መውቀስ ቀላል ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት ስወቅስ ኖሬአለሁ። የቀለበት መንገዱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በገርጂ በኩል ሳልፍ፣ አጥሩን ሾልኮ አስፋልቱን በሩጫ የሚያቋርጥ ሰው ባየሁ ቁጥር የምደግማት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ። «ምን ይደረግ፣ የኛ ሰው ሥርዓት አያውቅም!» ከጎኔ የተቀመጠው ይስማማል። ረዳቱም ይስማማል። ሾፌሩማ ከሁላችንም ቀድሞ የተስማማ ነው። የታክሲ ተሳፋሪ ያለ አንዳች ክርክር በአንድ ቃል ሲያድር ያየሁት እግረኛ በታማ ጊዜ ብቻ ነው።

ከሾላኪዎቹ መካከል አንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ነበረች። ሽንኩርትና ቲማቲሟን በማዳበሪያ አዝላ ከአጥሩ ቀዳዳ ሥር ትቆማለች፤ መኪና ሲሳሳ ማዳበሪያውን ታስቀድማለች፣ ራሷ ትከተላለች። ስንት ቀን አማኋት መሰላችሁ!

ታዲያ አንድ ቀን ታክሲው ከመንገዱ ማዶ ጥሎኝ ሄደ። የምሄድበት ቢሮ ከፊት ለፊቴ ይታየኛል፤ ጠርቼ ሰው ብቀሰቅስ ይሰማኛል። የእግረኛ ድልድዩ ግን ወዲያ፣ ሩቅ ነው። ጨዋ ነኝና ሄድኩ። ደረጃውን ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ በሌላው ወገን ደግሞ የመጣሁትን ያህል ተመለስኩ። ሰዓቴን ሳይ ከሃያ ደቂቃ በላይ ፈጅቶብኛል፤ ያውም መንገድ ለመሻገር! በማግሥቱ እዚያው ቦታ ጉዳይ ነበረኝ። ግራና ቀኝ አየሁ፣ የሚያውቀኝ ተማሪ አለመኖሩን አረጋገጥኩ፣ ከዚያም ወደ ቀዳዳው አመራሁ። ጉሊቷ ቀድማኝ ቆማለች። ከረባቴን አየችና፣

«እርስዎም ጀመሩ ጋሼ?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ቦርሳውን ለኔ ይስጡኝ፣ ሱሪዎን ብረቱ እንዳይዝብዎ» አለች።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏል እንዲህ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን ዓረፍተ ነገሬን ተውኳት። ብዙም ሳይቆይ የሚመለከተው ክፍል ቀዳዳውን በብረት በየደው። ከጥቂት ቀን በኋላ አሥር ሜትር አለፍ ብሎ ሌላ ቀዳዳ ተከፈተ። እሱም ተበየደ። ልብ በሉ፣ ለብየዳው በጀት ነበረ። ሰው በየቀኑ በዚያ በኩል ለምን እንደሚሾልክ ጠይቆ ማቋረጫ ለመሥራት ግን በጀት አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን አንድ ነገር አስለምዳቸው ነበር። ልብ ወለድ ስታነቡ ስም የተሰጠው ማነው፣ ስም ሳይሰጠው የሚያልፈውስ ማነው ብላችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ። ማስተማሩን ከተውኩ በኋላም አመሉ አልለቀቀኝም፤ የመንገድ ምረቃ ዜናዎችንና ሪፖርቶችን በዚሁ ዓይን ማንበብ ያዝኩ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መኪና። መንገዱ «ለትራፊክ ክፍት ሆነ» ይባላል። ትራፊክ ማለት መኪና ነው፤ በእግሩ የሚመጣው ትራፊክ ውስጥ አይቆጠርም። ርዝመቱ ይነገራል፣ የአስፋልቱ ስፋት ይነገራል፣ ብድሩ ይነገራል። እግረኛው የሚመጣው ከመጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው፤ እሱም «ኅብረተሰቡ መንገዱን በጥንቃቄ እንዲጠቀም አሳሰቡ» ሲባል። ገብቶ ሳያበቃ ተግሣጽ!

ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። በድሮው ጦር እግረኛና ፈረሰኛ ነበር፤ ጌታ በበቅሎ ሲሄድ አሽከር በእግሩ ይከተላል። በእግር መሄድ የማነስ ምልክት ሆኖ ኖሯል። በቅሎዋ መኪና ሆነች እንጂ ነገሩ ብዙ የተለወጠ አይመስለኝም።

ቁጥሩን እንይ። የአዲስ አበባ ሕዝብ ከሚያደርገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው፤ የከተማዋ የራሷ ሰነድ 54 በመቶ ይለዋል። በመኪና አደጋ ከሚሞተው የከተማው ሰውም አብላጫው እግረኛ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት አገሮች ከትራንስፖርት በጀታቸው ቢያንስ 20 በመቶውን በእግርና በብስክሌት ለሚሄደው እንዲያውሉ መክሯል። ከግማሽ በላይ ለሆነ ሕዝብ አንድ አምስተኛ መጠየቅ መቼም ስግብግብነት አይደለም።

አንድ መሐንዲስ ወዳጄ በዚህ ነገር ይናደድብኛል። «ቡና ጅቡቲ የሚደርሰው በእግረኛ መንገድ ነው እንዴ?» ይለኛል። እውነት አለው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ልማት ፕሮግራሙ ሲጀመር አገሪቱ የነበራት መንገድ 26 ሺህ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከ100 ሺህ አለፈ። ወላድ በቃሬዛ ስትመጣ መንገድ ላይ የምትቀርበት አገር ውስጥ ይህን ያጣጣለ ሰው ግፍ አለበት። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድም እግረኛ አይግባብኝ ቢል ደግ አደረገ፤ እዚያ ምን ሊሠራ ይገባል? ቅሬታዬ የፍጥነት መንገዱን ሐሳብ ከተማ መሐል አምጥተው ስለተከሉት ነው። ቀለበት መንገዱ ገርጂን ከገርጂ ለየ። ቀጥሎ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ባቡር መሬት ለመሬት በሚሄድበት ሁሉ አጥሩን ዘርግቶ ጎረቤትን ከጎረቤት አራራቀ።

«የነዳጁን ቀረጥ የምንከፍለው እኛ ነን» ይለኛል ደግሞ። የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ሲቋቋም ለጥገና የሚሆነውን ገንዘብ በዋናነት ያገኝ የነበረው ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ክፍያ መሆኑን ማስታወሱ ነው። ታዲያ የጉሊቷ ሽንኩርት በምን መጣ? በአይሱዙ። የአይሱዙው ነዳጅ ዋጋ ሽንኩርቷ ውስጥ አለ፤ የሚኒባሱም ዋጋ በሳንቲም ተቆራርጦ ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ ኪስ ይወጣል። ከፋይነቱ የጋራ ሆኖ ሳለ መንገዱ ለአንድ ወገን ሆነ።

ለነገሩ መንግሥትም ሳይሰማው አልቀረም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የሚባል ቀን ተጀመረ፤ አንዳንድ እሑድ ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ሕፃናት ኳስ ተጫወቱባቸው። ደስ ይል ነበር። ስሙ ግን ያስቀኛል። መንገድ ለሰው የሚሆነው እሑድ ከሆነ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የማን ኖሯል? በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ ይፋ አደረገ። ሞተር አልባ! ሰው እንኳ በሌለው ነገር ስም ተሰጠው።

ከዚያ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ መጣ። እዚህ ላይ ሐሜቴን ገታ አድርጌ እውነቱን ልናገር። ከፒያሳ አራት ኪሎ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራት አለው፣ መቀመጫ አለው፣ የብስክሌት መስመርም ተሰምሮለታል። በዕድሜዬ አዲስ አበባ ውስጥ ለእግሬ ይህን ያህል ወጪ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ጉልበቴ የሚያመኝ ሰው ነኝና፣ ጉድጓድ ሳልዘል አንድ ኪሎ ሜትር መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። እሰየው ብያለሁ።

ይሁንና አንድ ወዳጅ አለኝ። ዕድሜው ከሰባ አልፏል፤ አሮጌ መጻሕፍት ይነግድ ነበር፣ እኔም የማስተማሪያ መጻሕፍቴን ግማሽ ያህል የገዛሁት ከሱ ነው። ዶሮ ማነቂያ ተወልዶ ዶሮ ማነቂያ አረጀ። ጠዋት ጠዋት በዚያ በተቆራረጠው፣ ዝናብ ሲመታ ጭቃ በሚሆነው የድሮ መንገድ አራት ኪሎ ድረስ በእግሩ ወርዶ ጋዜጣ ተከራይቶ ያነባል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ይመለሳል። ለትራንስፖርት ሳንቲም አያወጣም ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ እሱም እንደ ብዙዎቹ ጎረቤቶቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። አሁን ያለበት ቤት ከድሮው ይሻላል፤ ውኃ አለው፣ የራሱ ሽንት ቤት አለው፤ ይህንንም ራሱ ይናገራል። ግን ከዚያ ወደ የትም በእግር አይኬድም።

ነገሩን ቁጭ ብዬ ሳስበው ግራ ይገባኛል። መንገዱ የተሠራው በእግሩ ለሚሄድ ሰው ነው፤ በእግሩ ይሄድ የነበረው ሰው ደግሞ ለመንገዱ ሲባል ተነሣ። የእግረኛ መንገድ ጥቅሙ ቤትን ከሥራ፣ ከገበያ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከዘመድ ማገናኘቱ ነው። በአንደኛው ጫፍ ያለው ቤት ከሌለ የቀረው ሽርሽር ነው። ሽርሽር አይጠላም፤ በጀቱ ግን «ለእግረኛ ወጣ» ተብሎ ሲመዘገብ የትኛው እግረኛ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። በየዕለቱ ከታክሲ ማዞሪያ እስከ ቤቱ በአቧራ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር የሚያቀጥነው የዳርቻው ነዋሪ መብራት የለውም፣ ጠርዝ የለውም፣ ከሲኖ ትራክ ጋር እየተጋፋ ነው የሚገባው። ዘመናዊው ንጣፍ የተነጠፈው እንግዳ በሚያይበት በኩል ነው።

ባለፈው ወር ወዳጄን ደወልኩለትና፣ «ጋሼ፣ ለምን አይመጡም? አዲሱን መንገድ አብረን እንሂድበት» አልኩት።

«አንተ መምህር፣ በእግር ለመሄድ በታክሲ ልምጣ?» አለና ሳቀ። ግን መጣ። ሁለት ታክሲ ይዞ፣ ተሰልፎ፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው ከቤቱ ወጥቶ ፒያሳ ሲደርስ አራት ሰዓት ሆኗል።

ቀስ እያልን ወረድን። ድንጋዩን በከዘራው መታ መታ አድርጎ፣ «ጠንካራ ነው» አለ። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። አበባ ተተክሏል። «እዚህ ጋ ነው በሩ የነበረው» አለኝ። አጠገባችን በብስክሌት መስመሩ ላይ ሁለት ወጣቶች ፎቶ ይነሣሉ። አራት ኪሎ ደርሰን ቡና አዘዝን። ሁለተኛው ስኒ ሳይመጣ ሰዓት ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«እንግዲህ ልነሣ» አለ። «ሰልፉ ሳይረዝም።»