የሐይድን ሲምፎኒዎች ስብስብ ምርጫ

በወርቃ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ፥ ለትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ከሁለት የሐይድን ሲምፎኒዎች ስብስብ የትኛው ቢገዛ እንደሚሻል ጠይቆኛል። ሁለቱም እያንዳንዳቸው 33 ሲዲ ሲሆኑ በርካሽ የሚሸጡ ናቸው። «የረከሰውን ግዛ» ብሎ መመለስ ቀላል ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ የተማሪዎች መዋጮ ስለሆነ፥ ከተሳሳቱም ሁለተኛ መግዣ ስለሌላቸው፥ ጉዳዩን መርምሮ መመለስ ይገባል።

በጌዴኦ አገር ቡና የሚያውቅ ሰው፥ በጆንያው አፍ ላይ የሚታየውን ፍሬ አይቶ ዋጋ አይቈርጥም፤ እጁን ሰዶ ከመካከሉ ይዘግናል፥ ቈልቶም ይቀምሳል። የሲምፎኒ ስብስብም የሚፈተን እንዲሁ ነው። ሐይድን ከ1791 እስከ 1795 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) ለለንደን የደረሳቸውን ዝነኞቹን 12 ሲምፎኒዎች ማንኛውም የኦርኬስትራ መሪ ተጠንቅቆ ያሰማል። የስብስቡ እውነተኛ ዋጋ የሚገለጠው ስም ባልወጣላቸው በመካከለኞቹ ነው።

እነዚህንም የደረሳቸው የኤስተርሃዚ መሳፍንት አገልጋይ ሆኖ፥ ከቪየና ርቆ ሳለ ነው። ከከተማው መራቁ የሚከተለውን ሰው ቢያሳጣው፥ የራሱን መንገድ እንዲያወጣ አስገደደው። በ1772 የደረሰው 45ኛው ሲምፎኒ ለዚህ ምስክር ነው፤ ፈቃድ ተነፍጓቸው ቤተ ሰባቸውን የናፈቁ ሙዚቀኞች፥ በመጨረሻው ክፍል አንድ በአንድ ሻማቸውን እያጠፉ ይወጣሉ። ልዑሉም ነገሩ እንደ ገባው ይተረካል።

የመጀመሪያው ስብስብ አንታል ዶራቲ ከ1969 እስከ 1972 በጀርመን አገር፥ በማርል ከተማ ያስቀረጸው ነው። ኦርኬስትራውን ያቋቋሙት ከ1956ቱ የሃንጋሪ አመፅ በኋላ የተሰደዱ ሙዚቀኞች ናቸው። 45ኛውን ሲምፎኒ ከእነርሱ መስማት ልብ ይነካል፤ ሆኖም ፍርድ በርኅራኄ አይሰጥም። የዶራቲ ጉድለት የጭፈራው ክፍል አንዳንድ ጊዜ መክበዱ ነው። ጥቅሙ ግን ሥራው በአራት ዓመት ውስጥ በአንድ እጅ ስለ ተፈጸመ፥ አነጋገሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ መሆኑ ነው።

ሁለተኛውን አዳም ፊሸር ሐይድን ራሱ ባገለገለበት በአይዘንሽታት ቤተ መንግሥት አዳራሽ፥ ከ1987 እስከ 2001 አስቀርጾታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተቀረጹት ላይ አዳራሹ እያስተጋባ ድምፁን ያደበዝዘዋል። በኋለኞቹ ግን አጨዋወቱ ስለት ያወጣል፥ ፈገግታም ይጨምራል። ስለዚህ አንዱ ስብስብ ሁለት መልክ ይዟል።

ብዙ የሰማ ሰው ፊሸርን ቢመርጥ አልነቅፈውም። ገና ለሚጀምሩ ተማሪዎች ግን ዶራቲን እመርጣለሁ። የደራሲውን እድገት ለማየት የሚፈልግ ሰው፥ ለውጡ የሐይድን ይሁን የአጫዋቹ መለየት አለበትና። በየሳምንቱ አንድ ቢሰሙ 104ቱን በሁለት ዓመት ይጨርሳሉ። ወዳጄ ሆይ፥ ከ45ኛው ጀምር፤ ከከተማ የራቀ ሰው ምን መሥራት እንደሚችል ተማሪዎችህ ይስሙ።