የግንቡ ጌታና የብዕሩ ጌታ

ቅርስ ሲባል ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው ግንብ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ የደረሰ እንግዳ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት ያያል። ንጉሡ ቀድሞ ራስ አዳል ተሰማ ይባሉ እንደነበር፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1873 ዓ.ም. እንዳነገሧቸው፣ ከተማይቱም መንቆረር የሚል ስም እንደነበራት ይሰማል። መልካም ነው። ግን ያን ዘመን በጽሑፍ ያቆየልን ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ስንቱ ነው?

አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን ማለቴ ነው። ሠዓሊም ጸሐፊም ነበሩ። ሲገለበጥ የኖረው የእጅ ጽሑፋቸው በሥርግው ገላው አዘጋጅነት «የኢትዮጵያ ታሪክ» ተብሎ በ2002 ዓ.ም. ታትሟል። «የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከአባይ እስከ አባይ» የተባለውንም ግርማ ጌታሁን ለኅትመት አብቅተውታል።

ከተሜው አንባቢ ጎጃምን የሚያውቀው ይልቁንም በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ማንኩሳንና ዲማን ሳይረግጣቸው ለምዷቸዋል። የአለቃ ሥራ ግን ልብ ወለድ አይደለምና እንዲህ እጅ ይዞ አያስገባም። እገሌ እገሌን ወለደ የሚለው ቆጠራ ትዕግሥት ይጠይቃል። የታገሠ ሰው ግን አገር ማለት ተራራና ወንዝ ብቻ ሳይሆን የሰው ዝምድናም መሆኑን ይረዳል። ለእኔ የሥራው ትልቅ ዋጋ ይህ ነው።

ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል። የትውልድ ቆጠራ በጠባዩ ርስትና ስም ያላቸውን ይዞ ይሄዳል። ድንጋይ የጠረበው፣ ኖራ ያቦካው፣ ብረት የቀጠቀጠው፣ ተማርኮ የመጣው ሰው በዚህ መዝገብ ውስጥ በቀላሉ ቦታ አያገኝም። አስገራሚው ነገር ደግሞ መዝገቡን የጻፉት ራሳቸው ከምርኮኞቹ አንዱ መሆናቸው ነው። አለቃ የተወለዱት ከዓባይ ማዶ፣ ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ ነው። በልጅነታቸው በጎጃም ጦር ተማርከው ዓባይን ተሻገሩ፤ በንጉሡ ቤት አደጉ፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ። ስማቸው ተክለ ኢየሱስ ሆነ፤ የአባታቸው ስም ግን ዋቅጅራ እንደሆነ ቀረ። ትርጉሙም በኦሮምኛ «እግዚአብሔር አለ» ማለት ነው። ከአባይ እስከ አባይ ያለውን ትውልድ የቆጠረው ሰው ከዓባይ ወዲያ የተወለደ ነበር።

«ንጉሡ አሳደጓቸው» ማለት ይቀናናል። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ከማሳደጉ በፊት ዘመቻ ነበር፤ ከዘመቻውም ጋር ከእናቱ የተለየ ልጅ። ታሪክም ምፀት አያጣም። ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. በዚያው በሆሮ ጉዱሩ ምድር፣ እምባቦ ላይ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በምኒልክ ጦር ተሸንፈው እሳቸውም ተማረኩ። የንጉሡን ምርኮ ታሪክ ሁሉ ይዘግበዋል። የልጁን ምርኮ ግን እንደ ዋዛ እናልፈዋለን።

የጎጃም ቅርስ ከሩቅ በመጣ ሰው እጅ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። መርጡለ ማርያምን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ የሐድያ ገዢ ልጅ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጠፋ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በፍርስራሹ ላይ ሌላ ሠሩ። ዛሬ የቆመው የተቀረጸ ድንጋይ የሐድያዋን ንግሥትም፣ የባሕር ማዶውን መነኩሴም፣ ስሙ ያልተጻፈውን ጠራቢም ያስታውሳል። የማን ነው ብሎ መጣላት ድንጋዩን አለማንበብ ነው።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ታሪክ ሞልቶን ታሪክ ይጠማናል። የምለው ረጅም አይደለም። ቤተ መንግሥቱን የሚያስጎበኝ ሰው ስለ ንጉሡ ሲናገር ስለ ጸሐፊውም ይናገር፤ ሲናገርም ምርኮውን አይደብቅ፣ ፍቅሩንም አያሳንስ። ሰውዬው በግድ የመጣበትን አገር ወዶ ትውልዱን ቆጠረለት። አገሩ በተራው እሳቸውን ከነአባታቸው ስም ቢቆጥራቸው፣ ውለታ መመለስ እንጂ ችሮታ አይሆንም።