የታላቅ ሰው ቃልና የጋይንት መንገድ

የታላላቅ ሰዎችን አባባል ደብተራችን ጀርባ ላይ ያልገለበጥን ተማሪዎች ጥቂት ነን። ስለ ሕይወት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ስኬት ወይም ስለ ፖለቲካ የተነገረ አንድ መስመር ካገኘን እንደ ጸሎት እናነበንባለን። መቼ ተነገረ? በማን ጫንቃ ላይ ተቁሞ? ብለን ግን አንጠይቅም። እስቲ ይህን ጥያቄ ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ለእንግሊዙ ጄኔራል ለናፒየር በጻፈው ደብዳቤ ላይ እናንሣ።

ደብዳቤው የተጻፈው ጦሩ በስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ በተሸነፈ ማግስት ነው። ቴዎድሮስ የዕድሜ ልክ ሥራውን ይመዝናል። ያገሩ ሰው ግብር ክፈል፣ ሥርዐት ያዝ ስላለው እንደተጣላው፣ ያሸነፉትም በሥርዐት የሚገዛ ሕዝብ ያላቸው ሰዎች እንደሆኑ ይናገራል። ባል የሞተባቸውን ሴቶችና ጧሪ የሌላቸውን ሽማግሌዎች ማን ያበላቸዋል ብሎም ይጨነቃል። ኩራትና ሐዘን ባንድ ትንፋሽ ይወጣሉ። በእኛ አስተያየት ራሱን ይህን ያህል ገልጦ የጻፈ መሪ ማግኘት ይከብዳል። የጽሑፉ ኃይል ይኸው ነው።

ዳሩ ግን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች እዚህ ላይ ልናቆም አንችልም። ጋፋት ላይ የተሠራው መድፍ ሴባስቶፖል ሰባ ኩንታል ገደማ ይመዝን ነበር። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በጋይንት ደጋ አቋርጦ፣ በጨጨሆ በኩል መቅደላ የደረሰው በሰው ጉልበት ተጎትቶ ነው። ንጉሡ ራሱ በእጁ መንገድ ይጠርግ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል፤ ሥራ ወዳድነቱን አንክድም። ነገር ግን መንገዱ የተጠረገው ገበሬው ገበያ እንዲወጣበት አልነበረም። ቤጌምድር አስቀድሞ ሸፍቷል፤ ጎንደር በ1859 ተዘርፋ ተቃጥላለች፤ ደብረ ታቦርም ንጉሡ ሲለቃት ነደደች። ታዲያ ያ ሰው እምቢ ያለው ሥርዐትን ነው ወይስ ዘረፋን? ደብዳቤው አይመልስልንም።

ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴዎድሮስን በድርሰት ወደ ክብሩ መልሰውታል። ደግ አደረጉ። ዋናው ሰው ግን ሁልጊዜ እሱ ነው፤ ገመዱን የያዘው ገበሬ ስም የለውም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ቴዎድሮስን መንካት አገርን መንካት ነው ይሉን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው፦ ደብዳቤውን እንደገና አንብቡት። በሕዝቡ ላይ ክፉ ማድረጉን ራሱ አምኖ፣ ከዚያ ክፉ እግዚአብሔር በጎ እንዲያወጣ ይመኛል። እሱ ያልሸሸገውን እኛ ምን ብለን እንሸሽግለት? አባባሉን ብቻ ቆርጦ የሚገለብጥ አንባቢ ግን ከሁሉ በፊት የሚጥለው ይህችን ቃል ነው።

ጋይንት ቤተ ልሔም የወረደ የድጓ ተማሪ ተማርሁ ስላለ ብቻ አይታመንም፤ መምህሩ ፊት ቀርቦ ማስመስከር አለበት። የታላላቅ ሰዎች ቃልም ይመስከርበት፤ ምስክሩም ሸክሙን የተሸከመው ሰው ይሁን። ስለዚህ ለክረምት ወደየአገራችን የምንገባ ሁሉ ስለዚያ መንገድ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሽማግሎቹን ጠይቀን፣ የነገሩንንም ሳናሳምር ጽፈን ለዚህች መጽሔት እናምጣ።