«በረሓን ያቆመው ሰው» ስለ ተባለው ፊልም

ስለ ድኻ ባላገርና ስለ እርሻው ከተሠሩት ፊልሞች መካከል፣ ማርክ ዶድ በ2010 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ያወጣው «በረሓን ያቆመው ሰው» መታየት የሚገባው ነው። ታሪኩ በሰሜን ቡርኪና ፋሶ፣ በያተንጋ አውራጃ ይኖር ስለ ነበረው ገበሬ ስለ ያኩባ ሳዋዶጎ ነው። ያኩባ በ1980 ገደማ፣ ድርቅ ብዙውን ሰው ባሰደደበት ዘመን፣ የገበያ ንግዱን ትቶ ወደ እርሻ ተመለሰ፤ በ2023 ዐረፈ።

ሥራው እንዲህ ነው። በበጋ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን መሬት እየቈፈረ በየጉድጓዱ ፍግ ይጨምራል። ፍጉ ምስጥ ይጠራል፤ ምስጡም መሬቱን ይበሳሳዋል፤ ዝናም በመጣ ጊዜ ውሃው ሸሽቶ በመሄድ ፈንታ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ማሽላውም ይበቅላል። ምስጥን በጠላትነት ብቻ ለምናውቀው ለእኛ ይህ ደስ የሚያሰኝ ትምህርት ነው።

በርእሱ ግን አልስማማም። ጉድጓዱ «ዛይ» ይባላል፤ ያኩባ አሻሻለው እንጂ አልፈለሰፈውም፤ የአባቶቹ ሥራ ነበረ። ደግሞም ላንድ ሄክታር ከዐሥር ሺሕ የሚበልጥ ጉድጓድ ስለሚያስፈልግ፣ ጕልበት የሌላት መበለት ብቻዋን አትችለውም። በዚያው አገር ድንጋይ በተርታ እየደረደሩ ጎርፉን የገቱ መንደርተኞችም አሉ፤ የቁልቍለቱን ልክ ውሃ በተሞላ ቀጭን ቱቦ መለካትን ያገኙት በኦክስፋም ርዳታ ነው። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው የካበውን የአንድ ሰው ስም ይጠይቃልን?

የርእስ ነገር ቀላል ነው የሚል ቢኖር፣ ቀድሞ በያተንጋ የሆነውን ላስታውሰው። ከ1962 እስከ 1965 ጀሬስ የተባለ የአውሮፓ ድርጅት በከባድ መኪናዎች 120,000 በሚያህል ሄክታር ላይ የአፈር ክትር ሠራ። ገበሬውን ያማከረ አልነበረምና፣ ክትሩ ሲፈርስ የሚጠግነው ጠፋ። በዚያን ጊዜ ሁሉ ነገር ከመኪናው ይጠበቅ ነበረ፤ አሁን ደግሞ ከአንድ ብርቱ ሰው እንዳይጠበቅ እፈራለሁ። እኔም ብዙ የችግኝ ሪፖርት ገልብጫለሁ፤ የተተከለው ይቈጠራል፣ የጸደቀውን የጠየቀኝ አለቃ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ያኩባ ከእህሉ ጋራ ዛፍ አብቅሎ ደን አቁሞ ነበረ። የዋሂጉያ ከተማ እየሰፋች በመጣች ጊዜ ግን መሬቱ ለቤት መሥሪያ ተሸነሸነ፤ ሽማግሌውም የገዛ እጁ ያለማውን ለማስቀረት ገንዘብ ፈላጊ ሆነ። ዶማ ይዞ ለሚሠራ ሰው የቸገረው የመሬት መብት ነበረ። ፊልሙን ለእርሻ ሠራተኞች የሚያሳይ ሰው፣ ከዶማው ይልቅ በዚህ ነገር ላይ ቢያወያያቸው እወዳለሁ።