ቅለት የሚለካው እርማት ሲመጣ ነው

«የትኛው ይቀላል?»

አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ትንሽ የቪዲዮ ስቱዲዮ ሞሽን ግራፊክስ ሊማር የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የስቱዲዮዋ አኒሜተር መልስ አይለወጥም። ጽሑፍ ብቅ አድርጎ ለማጥፋት ካንቫም ካፕከትም ይበቃሉ። ደንበኛው «መግቢያው ጥሩ ነው፤ ጽሑፉ ሲቆም ግን ረጋ ይበል» ካለ ግን ዝግጁ አኒሜሽን አያዋጣም፤ ጠቅላላ ርዝመቱን እንጂ የመጨረሻዎቹን አምስት ፍሬሞች ለይቶ ማለዘብ አይቻልበትምና።

ባልደረባዋ በዚህ አይስማማም። እሱ የአፕል ሞሽን ሰው ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ይዞት የመጣው ዝግጁ እንቅስቃሴ፣ «ቢሄቪየር»፣ ያለ ኪፍሬም፣ ማለትም መነሻና መድረሻውን በእጅ ሳያስቀምጡ፣ ያሠራል፤ ስበትን የሚመስለውን ሎጎው ላይ ጣል ማድረግ ነው፣ ይወድቃል። በፍጥነት እሱ ይበልጣል፤ ይህን አትክድም። ቢሄቪየሩን በዝርዝር ማረም ሲፈልግ ግን ወደ ኪፍሬም ይለውጠዋል፤ ያኔ እሷ የምትሟገትለት የእንቅስቃሴ ኩርባ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

የእሷ ነገር ሁሉ ይህ ኩርባ የሚስተካከልበት ግራፍ ኤዲተር ነው። ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዘረዘሯቸው 12 የአኒሜሽን መርሆች አንዱ፣ እንቅስቃሴ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ቀስ ብሎ እንዲቆም ይላል። በ1993 የወጣው አፍተር ኢፌክትስ ግን ዛሬም ኪፍሬሞቹን በቀጥታ መስመር ነው የሚያገናኘው፤ የማለዘቢያውን ቁልፍ ኤፍ9ን ካልተጫኑ ጽሑፉ ደንግጦ ይነሣል፣ ግድግዳ እንደመታ ይቆማል። ብሌንደር ከመነሻው ያለዝባል። በዚያ ላይ ነጻ ነው፤ ለወርሃዊ ክፍያ የውጭ ምንዛሪ ለሚቸግረው ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለ3ዲ የተሠራ በመሆኑ ግን ለአንድ መስመር ጽሑፍም ካሜራ ማስተካከል ይጠይቃል።

ለአማርኛ ርዕስ ስለዚህ አፍተር ኢፌክትስን አትለቅም። ፊደል በፊደል ለማስገባትም አማርኛ ይመቻል፦ ፊደሎቻችን እንደ ዓረብኛ አይያያዙም፤ እያንዳንዱ በዩኒኮድ የራሱ ኮድ አለው፤ አንድ በአንድ ቢገቡ ቅርጻቸው አይፈርስም። «ሰላም» ሦስት ፊደል ብቻ ስለሆነ የእያንዳንዱ አገባብ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሙያው ዓይኗን ለውጦታል። ሚኒባስ ሲቆም የተሳፋሪው አካል ወደ ፊት ሄዶ ሲመለስ ኩርባውን ታያለች። ቤተሰቡ ዜና ሲያዳምጥ እሷ የተናጋሪው ስም ከስክሪኑ ግርጌ እንዴት እንደገባ ትከታተላለች፤ በደንብ የተሠራ ሲገጥማት ቀኑን ሙሉ ደስ ይላታል።

ጀማሪውን ብሌንደር ላይ ታስቀምጠውና ኳስ እንዲያነጥር ታዘዋለች። ያ የተመሰገነ ልዝበት እዚህ ያጋልጠዋል፤ ኳሷ መሬት ልትነካ ስትል ፍጥነቷን ቀንሳ ትራስ ላይ የወደቀች ትመስላለች። ግራፍ ኤዲተሩን ታስከፍተዋለች፤ መሬት የምትነካበትን ኪፍሬም ይመርጣል፣ ቪን ተጭኖ «ቬክተር» ያደርገዋል። ኩርባው ከታች ሹል፣ ከላይ ክብ ሆነ። እንደገና ያጫውተዋል፤ ኳሷ ነጠረች።