«እኔ» በኮሪያኛ፦ ስለ አንድ የቃላት ትርጕም ልማድ

ኮሪያኛን ለአማርኛ ተናጋሪ በሚያስተምር የቃላት ሠንጠረዥ «ና»ንም «ጀ»ንም በአንድነት «እኔ» ብሎ መተርጐም፣ ስሕተት ባይባልም ጐደሎ ትምህርት ነው። በአማርኛ አክብሮት የሚገለጸው አድማጩን «እርስዎ» በማለት ሲሆን፣ ተናጋሪው በማንም ፊት ቢቆም ያው «እኔ» ነው። ኮሪያኛ ግን ተናጋሪው ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ ያስገድደዋል፤ ለጓደኛው «ና» ያለ ተማሪ ለመምህሩ «ጀ» ይላል።

ይህ በአንድ መስመር ማብራሪያ ሊቃና ይችላል። ከባዱ ጉድለት ተውላጠ ስሙን በሚከተሉት ቅጥያዎች፣ በ«ንን»ና በ«ጋ» ላይ ነው። «ጀ» ከ«ንን» ጋር «ጀንን»፣ ከ«ጋ» ጋር ደግሞ ቅርጹን ለውጦ «ጄጋ» ይሆናል፤ ሠንጠረዡ ሁለቱንም «እኔ» ይላቸዋል። «ማን ሠራው?» የተባለ ተማሪ በ«ጄጋ» ፈንታ በ«ጀንን» ቢመልስ፣ አክብሮቱ ሳይጓደል መልሱ ይዛነፋል፤ «እኔስ ሠርቻለሁ፣ የሌላውን እንጃ» ያለ ይመስላል። ተናጋሪው ከታወቀ ኮሪያኛ ተውላጠ ስሙን ፈጽሞ እንደሚተወው ያልተነገረው ተማሪም በየዓረፍተ ነገሩ «ጀንን» ይደጋግማል።

የሚያስቈጨው፣ የቅጥያዎቹ ልዩነት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አለመሆኑ ነው። «የሠራሁት እኔ ነኝ» እና «እኔማ ሠርቻለሁ» አንድ እንዳልሆኑ ሕፃን እንኳ ያውቃል። መምህሩ ከዚህ ቢነሣ ረዥም የሰዋስው ሐተታ ባላስፈለገው ነበር።

የብዙ ቍጥሩም ጕዳይ ከዚህ አይሻልም። «እኛ» ማለት «ኡሪ» ነው፤ የትሕትናው «ጀሂ» ነው። ትሕትናን በደንብነት ብቻ ያጠና ተማሪ «አገራችን» ለማለት «ጀሂ ናራ» ይላል፤ በኮሪያ ግን አገር በማንም ፊት ዝቅ ሊደረግ አይገባውም ተብሎ «ኡሪ ናራ» ማለት ነው ትክክለኛው።